ክኒኗን አይዋጧት

ይድረስ ለተከበሩ ውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር «ይህች የልብ ክኒን ምንም አልሠራችልኝም፤ በብዙ ውሃ ነው የዋጥኳት፤ ይልቅስ መርፌ ቢያዙልኝ ይሻል ነበር» ያሉኝ ቃል እስካሁን ከጆሮዬ አልጠፋም። በስልክ ልሟገትዎ አልፈለግኩም፤ ነገሩ ረጋ ብሎ መጻፍን የሚጠይቅ ስለመሰለኝ ይህን ደብዳቤ ጻፍኩልዎ።

ክኒኗ ናይትሮግሊሰሪን ትባላለች፤ ጥፋቱም የእሷ ሳይሆን የሄደችበት መንገድ ነው። የተዋጠ መድኃኒት ከጨጓራ ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ ወደ ደም ይገባል፤ ከአንጀት የሚነሣው ደም ግን ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በጉበት በኩል ማለፍ ግድ ይለዋል። ጉበት ብዙ መድኃኒቶችን በከፊል ብቻ ስለሚቀንሳቸው ጉድለቱ በመጠን ይካካሳል፤ ናይትሮግሊሰሪንን ግን አብዛኛውን ሰባብሮ ያስቀረዋል። ከምላስ ሥር ስትቀመጥ በስሱ የአፍ ሽፋን በኩል ወደ ደም ሥር ገብታ፣ ጉበትን ሳትነካ በ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ሥራዋን ትጀምራለች። እርስዎ በብዙ ውሃ ያወረዷት ዕለት እንግዲህ የደረሰችው ወደ ጉበትዎ እንጂ ወደ ልብዎ አልነበረም።

ስለዚህ ደረትዎን ጭብጥ ሲያደርግዎ በመጀመሪያ ይቀመጡ፤ ክኒኗ የደም ሥሮችን ስለምታሰፋ ግፊት ይወርዳል፣ ቆሞ የወሰዳት ሰውም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። አፍዎ ከደረቀ ቀድመው ውሃ ጎንጨት ይበሉ፤ ከዚያ ምላስዎን አንሥተው ክኒኗን ከሥሩ ያኑሯት፤ እስክትሟሟ ድረስም አያኝኳት፣ አይዋጧት፣ ምንም አይጠጡ። ራስዎን ቢያምዎ አይደንግጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1847 ይህን ንጥረ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ጣሊያናዊው ኬሚስት አስካኒዮ ሶብሬሮም ጥቂት በምላሱ ቀምሶ ክፉኛ ራሱን እንዳመመው ይነገራል። በ5 ደቂቃ ውስጥ ሕመሙ ካልቀለለ ወይም ከባሰ ግን «ትንሽ ልታገሥ» ሳይሉ አምቡላንስ ያስጠሩ። ልጅ ለአባቱ ሊጽፈው የሚከብድ ቢሆንም አንድ ነገር ልጨምር፦ ለወንድነት ድክመት የሚሰጡት እንደ ሲልዴናፊል ያሉ ክኒኖች ከዚህች ጋር ፈጽሞ አይወሰዱም፤ ሁለቱ ሲገናኙ ግፊትን ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ያወርዱታል።

መርፌን በተመለከተ፣ መርፌ የሚመረጠው ከክኒን ስለሚበልጥ ሳይሆን ሌላው መንገድ ሲዘጋ ነው። ኢንሱሊን ፕሮቲን በመሆኑ ቢዋጥ እንደ ማንኛውም ምግብ ተፈጭቶ ይቀራል፤ ስለዚህም እ.ኤ.አ. በ1922 ለመጀመሪያው የስኳር ሕመምተኛ ከተሰጠበት ጊዜ ጀምሮ ዋነኛው መንገዱ መርፌ ሆኖ ኖሯል። በጡንቻ የሚወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ደግሞ ከተወጋበት ቦታ በዝግታ ስለሚለቅ ለሳምንታት ይሠራል። በደም ሥር የሚሰጠው ከሁሉም ይፈጥናል፤ የሚሰጠውም በሙሉ ደም ውስጥ ይገባል። እኛ ነርሶች የምንፈራውም ይህንኑ ነው፤ ከሲሪንጁ የወጣው መድኃኒት ተመልሶ አይሳብምና።

ይህን ስጽፍ የራሴ ስሕተት ትዝ አለኝ። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት መዋጥ የሚቸግራቸው አንዲት እናት ነበሩ። አዝኜላቸው የግፊት ክኒናቸውን በማንኪያ ጀርባ አድቅቄ፣ በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው። ክኒኑ 24 ሰዓት ሙሉ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለቅ የተሠራ ነበር፤ እኔ የቀኑን ሙሉ ድርሻ በአንድ ጊዜ ለቀቅኩባቸው። ተመልሼ ስመጣ ግንባራቸውን ላብ አጥምቆት፣ ግፊታቸው ወርዶ፣ «ቤቱ ዞረብኝ» ሲሉ አገኘኋቸው። እግራቸውን ከፍ አድርገን ሳላይን የሚባለውን የጨው ውሃ በደም ሥር ሰጠናቸው፤ ማታውን ተሻላቸው። እኔ ግን ያቺን ማንኪያ እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። እርስዎም የግፊት ክኒንዎ ስለሚተልቅብዎ በምላጭ እንደሚከፍሉት ነግረውኛል። ፋርማሲስቱ «ይከፈላል» ካላለዎ እባክዎ ይተዉት፤ አነስ ያለ ወይም በሌላ መልክ የተዘጋጀ ካለ ሐኪሙ ይለውጥልዎታል።

የዓይን ጠብታዎም ከዓይን አያልፍም ብለው አይናቁት። በውስጡ ያለው ቲሞሎል የተባለው መድኃኒት ከዓይን ወደ አፍንጫ በሚወርደው ቀጭን ቱቦ አልፎ በአፍንጫ ሽፋን በኩል ደም ውስጥ ይገባል፤ በዚያም ጉበትን ሳያገኝ የልብ ምትን ሊያዘገይ ይችላል። ስለዚህ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትዎ ወደ ታች ሳብ አድርገው አንድ ጠብታ ብቻ ያኑሩ፤ የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንዎን አይንካ። ከዚያ ዓይንዎን ሳይጨምቁ ከድነው በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ ለ2 ደቂቃ ያህል በጣትዎ ይጫኑት። ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይቆዩ፤ አለዚያ የኋለኛው የፊተኛውን አጥቦ ያወጣዋል። በአፍ ስለሚሳበው፣ በቆዳ ስለሚለጠፈውና በፊንጢጣ ስለሚገባው መድኃኒት ለጊዜው እርስዎን ስለማይመለከት አልጽፍም።

የልብ ክኒኗን ከመጣችበት ጥቁር የመስታወት ጠርሙስ አውጥተው ከሌሎቹ ጋር በፕላስቲክ ሣጥን እንዳያስቀምጧት አደራ፤ ንጥረ ነገሩ ተንኖ ኃይሏ ይጠፋል። በሚመጣው እሑድ ስደውል መነጽርዎን አድርገው፣ ጠርሙሷን ይዘው ይጠብቁኝ፤ በላይዋ የተጻፈውን የማብቂያ ቀን ያነቡልኛል።

አክባሪ ልጅዎ