ስለ እርጅናው ግጥም፦ ለክበባችን አባላት

የተከበራችሁ አባላት፣

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ባደረግነው ንባብ ላይ ስለ እርጅና የቀረበውን የአባላችንን ግጥም ሰዓት ስላጠረን በወጉ ሳንወያይበት ቀርተናልና፣ ለመጪው ስብሰባ ደጋግማችሁ አንብባችሁት እንድትመጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

እኔን የያዘኝ የተናጋሪው ነገር ነው። ግጥሙ በ«እኔ» ይጀምራል፤ ሰውየው ቧንቧ ውሃ ወደሚባለው ሰፈር የሚሄድ ታክሲ ሲሳፈር ግን «ጠጋ በል» መባሉ ቀርቶ ረዳቱ «ጠጋ ይበሉ አባባ» ይለዋል፣ ከዚያ ስንኝ ወዲያ ራሱን የሚጠራው በ«እርስዎ» ነው። በአማርኛ እርጅና ከመስታወት ቀድሞ በሰው አፍ፣ ያውም በአንዲት የግሥ እርባታ እንደሚነገረን እንዲህ አድርጎ ያሳየ ግጥም እምብዛም አላጋጠመኝም፤ አክብሮቱ ራሱ ሰውየውን ለራሱ እንግዳ ያደርገዋል።

ቃላቱም በጥንቃቄ የተመረጡ ናቸው። «አረጀ» ለኮትም ለቤትም ለሰውም የሚነገር ሲሆን፣ «ሸመገለ» ግን ዕድሜንና ዕርቅ ማውረድን አንድ ላይ የያዘ፣ ለሰው ብቻ የሚሰጥ ቃል ነው፤ ገጣሚው ፊተኛውን ለኮቱ፣ ኋለኛውን ለባለ ኮቱ ማድረጉን ወድጄዋለሁ። «ጃጀ» ግን ከተናጋሪው አንደበት ባትወጣ ይሻል ነበር፤ ይህችን ቃል ሰው ስለ ሌላው እንጂ ስለ ራሱ ብዙም አይላትም።

በመጨረሻም፣ ግጥሙ እያንዳንዱ ስንኝ ስድስት በስድስት ቀለም (ክፍለ ቃል) የሚከፈልበት፣ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ዓይነት ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው ቀና ብሎ የጦሳን ተራራ የሚያይበት የመጨረሻው ስንኝ ላይ ምጣኔው ይሰበራል። የትንፋሽ ማጠር ይሁን የእጅ ስህተት፣ ገጣሚውን ራሱን እንጠይቀዋለን።