ስለ ጊታርህ ልናዘዝልህ

አቡሽዬ አካም ጅርታ? ሶስት አመት ጠፍቼ ዛሬ ድንገት ስጽፍልህ ይሄ ልጅ ምን ፈልጎ ነው እንደምትል አውቃለሁ፣ ልክም ነህ። ባለፈው ማክሰኞ መርካቶ እናትህን አገኘኋቸው፣ ለጥምቀት ይመጣል አሉኝ ፊታቸው በርቶ፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ከዛ ወዲያው ሆዴ ተገለባበጠ። ጊታሩ ትዝ አለኝ።

በቃ ልናዘዝ። ቦክስ ጊታርህ ተጎድቷል። አደራ ብለህኝ ስትሄድ ቁምሳጥን ላይ ሰቀልኩት፣ የጅማን ክረምት መቼም ታውቀዋለህ፣ ጣራው እዛጋ እንደሚያፈስ ግን እኔም አላውቅም ነበር፣ ነሀሴ ላይ ሳወርደው ሆዱ አብጦ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ከኋላ ብድግ ብሏል። ዛሬ ነገ እነግረዋለሁ ስል አመት ሞላኝ፣ ከዛ አፍሬ ስልክህንም ማንሳት ተውኩ። ዝምታዬ ይሄው ነው፣ ቂም ምናምን መስሎህ ከነበረ ይቅር በለኝ።

ወንበር የሚሰራ አናጢ ጋር ወሰድኩት፣ ሰውዬው ገልበጥ ገልበጥ አደረገውና ጊታር ሰርቼ አላውቅም ግን ያው እንጨት አይደል አለኝ፣ በኮላ ለጥፎ በሞርሳ አስሮ ሶስት ቀን አቆየው። ያዘ። ግን በትክክለኛው ቅኝት ሳጠብቀው ጢጥ ይላል፣ ፈራሁ፣ ስለዚህ ስድስቱንም ክር አላልቼ ድምጻቸውን አንድ ተኩል ቶን አወረድኩት። እና ምን ሆነ መሰለህ፣ እነዛ ለአመታት በዚሁ ጊታር እየሞከርን እንደ ህጻናት መዝሙር ይሆኑብን የነበሩ የእንግሊዞቹ የሜታል ባንድ የብላክ ሳባዝ ሪፎች (እየተደጋገሙ የሚመጡት የጊታር ሀረጎች) በራሳቸው መጡ! ክሩ ላላ ብሎ ድምጹ ወፍሮ፣ ያለ አምፕ (ማጉያ) ያለ ዲስቶርሽን (ድምጽ ማሻከሪያ)። አንድ ሰአት ሙሉ ያንኑ ደጋገምኩት፣ ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ።

ለካ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። የብላክ ሳባዙ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በርሚንግሃም ብረታብረት ፋብሪካ ሲሰራ 17 አመቱ ነበር፣ ስራውን ሊለቅ የመጨረሻው ቀን ላይ ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው፣ ግራኝ ስለሆነ ደሞ የተቆረጠው የጊታሩ አንገት ላይ ክር የሚጫንበት ቀኝ እጁ ነው። ተስፋ ቆርጦ ቁጭ ሲል የፋብሪካው አለቃ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አሰማው፣ ጃንጎ እጁ በእሳት ተጎድቶ በሁለት ጣት ሶሎ የሚጫወት ጉደኛ ነው። ከዛ ቶኒ የፈሳሽ ሳሙና ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሰራ፣ ላዩን ቆዳ አለበሰው፣ የጊታር ክር ሲከብደው ቀጫጭን የባንጆ ክር ገጠመ፣ በፈረንጅ 1971 በወጣው ሶስተኛ አልበማቸው ላይ ደሞ ቅኝቱን አንድ ተኩል ቶን አወረደው፣ ልክ እንደኔ (ድፍረቴን እየው)። የሱ የታመመ ጣት ያንተ የበሰበሰ ጊታር፣ መፍትሄው አንድ ሆነ።

ሌላ ጉድ ልንገርህ። የመጀመሪያው አልበማቸው መክፈቻ፣ ያ የዝናብና የደወል ድምጽ ያለው፣ የሚያስፈራራህ በሶስት ኖታ ብቻ ነው፣ ዋናውን ስራ የሚሰራው ከመነሻው ሶስት ሙሉ ቶን የሚርቀው ኖታ ነው፣ ፈረንጆቹ የሰይጣን ነው ምናምን ይሉታል። አንተ፣ እሱ ርቀት እኮ አንቺሆዬ ቅኝት ውስጥ አለ! ከመነሻው ጀምረህ አራተኛው ጋ ስትደርስ ታገኘዋለህ። እኛ ሙሽራ እንሸኝበታለን እነሱ ሰይጣን ይጠሩበታል። ሙላቱ አስታጥቄ በተወለደበት ከተማ ይሄን የማወራው ሰው ማጣቴ ነው የሚያናድደኝ፣ ቤት ውስጥ ሳወራ እህቴ ጸበል ተጠመቅ ትለኛለች።

ያንን አሜሪካዊ ጊታሪስት ኤዲ ቫን ሄለንን የካድኩ እንዳይመስልህ። አጂፕ ቁጭ ብለን የሱ ትልቅነት ፍጥነት ነው አይደለም እያልን ቡና ሲቀዘቅዝብን፣ አሁን ሳስበው ሁለታችንም ተሳስተናል። በፈረንጅ 1978 ላይ ያችን 1 ደቂቃ ከ42 ሰከንድ ሶሎ ሲለቅ ሰውን ያሳበደው ፍጥነቱ ነው አልክ፣ እኔ ግን የምወደው ጊታሩን ነው፣ ስትራቶካስተር ጊታር የመሰለ ርካሽ ቦዲ ገዝቶ የጊብሰን ጊታር ፒክአፕ (የክሩን ድምጽ የሚለቅመውን) ነቅሎ የገጠመበት ሰውዬ፣ ራሱ ቆራርጦ ራሱ ቀለም ቀብቶ። በሁለት እጅ የጊታሩ አንገት ላይ ክሩን መምታቱን ከሱ በፊትም የሞከሩ ነበሩ፣ ቋንቋ ያደረገው ግን እሱ ነው፣ ይሄን ሰጥቼሃለሁ።

የሜታሊካውን ሄትፊልድን አሁንም አልለቅም። በፈረንጅ 1986 ላይ በዛ ፍጥነት ፒኩን ወደታች ብቻ እየመታ፣ ክንዴ እስኪደነዝዝ ሞክሬ ግማሽ ደቂቃ አልሞላሁም። ክራር የሚገርፍ ሰው እይ፣ ሁሉንም ክር ይመታና የማይፈልገውን በግራ ጣቶቹ ያፍናል፣ ሜታል ሪትምም ግማሹ ማፈን ነው፣ እሱ በመዳፉ ነው እንጂ። ቶም ሞሬሎን ደሞ ጎረቤታችን ነው ብዬ ነው የምደርበው፣ አባቱ ኬንያዊ ነው፣ በጊታር የዲጄ ስክራች ያወጣል። መሹጋ የሚባሉት የስዊድን ባንድ ደሞ ጊታራቸው ስምንት ክር ነው፣ ስለነሱ ስትመጣ እናወራለን፣ እግሬን እየመታሁ ስቆጥር አሁንም ይጠፋብኛል። ከኛ ግን የሮሃ ባንዱ ጊታሪስት ሰላሚኖ፣ አባትህ ካሴት ላይ ስንት ጊዜ ሰምተነው ጊታሩ ማነው ብለን ሳንጠይቅ ማለፋችን ይገርመኛል።

እሺ አሁን ወደ ጉዳዩ። ስትመጣ ቀጭን የቦክስ ጊታር ክር ሁለት ፓኬት ያዝልኝ፣ ወፍራሙን ያ እንጨት አይችለውም። ጣራውን አሰርቼዋለሁ፣ ጊታሩም አሁን ደረቅ ቦታ ነው ያለው። አንድ ነገር ብቻ፣ ቤት ከመግባትህ በፊት እኔ ጋር ና፣ እናትህ ስለ ጊታሩ ሲጠይቁኝ እንደሰጠኝ ነው ያለው ብያቸዋለሁ።