ፍሬቻ ድሮ ክንድ ነበር

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ስለ መኪና ታሪክ ስትጽፉ ፍሬቻን እንዳትዘሉት አደራ። ቃሉ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ቀስት ማለት ነው። የድሮዋ ቮልስ ፍሬቻ ከበሩ ጎን ካለው ምሰሶ ውስጥ ብቅ የሚል ክንድ ነበር። የኤሌክትሪክ ማግኔት ያነሳዋል፤ ውስጡ ትንሽ አምፖል ይበራል። አንዷን ስጠግን ክንዱ ተይዞ አልወጣ አለኝ። ምሰሶውን በመዳፌ መታ ሳደርገው ቀጥ ብሎ ወጣ። ደስ ሲል!

ከዚያ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1914 ገደማ፣ የድምፅ አልባ ፊልም ተዋናይዋ ፍሎረንስ ሎውረንስ አዝራር ሲጫኑ የሚነሳ የመታጠፊያ ምልክት ሠርታ ነበር። ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ከኋላ «ስቶፕ» የሚል ሰሌዳ ብቅ ይላል። የፈጠራ መብቱን ግን አላስመዘገበችም። ስሟን የሚያውቅ መካኒክ እስካሁን አልገጠመኝም፤ ይሄ ያሳዝነኛል። እባካችሁ አንድ ገጽ ስጧት።

አክባሪያችሁ፣
የመኪና ኤሌክትሪሽያን