ክሬም ሲቀጥን ማቆያውም ይቀጥናል
በጎንደር ከተማ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥርን ለሚመሩ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

በከተማችን መድኃኒት የምንቀምም ፋርማሲስቶች ነን። የምንጽፍልዎ ስለ አንድ ኬሚካል ነው፤ ስሙ ክሎሮክሬዞል ይባላል። ነጭ ነው፣ እንደ ስኳር ፍሬ ያብለጨልጫል፣ በ65 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። ሽታው እንግዳ አይሆንብዎትም፤ ዴቶል ውስጥ ያለው ክሎሮክሲሌኖል የቅርብ ዘመዱ ነው። ሜታ ክሬዞል ከሚባል ፈሳሽ ጋር ክሎሪን ተዋህዶ ይሠራል። ፋብሪካዎች ለሌላ ኬሚካል መነሻ ያደርጉታል፣ ቆዳ እንዳይሻግት ይነክሩበታል፣ ቀለምና ሙጫ ውስጥ ይጨምሩታል። እኛ ዘንድ ደግሞ የክሬም ማቆያ ነው። ስቴሮይድ ከሚባሉት የቆዳ መድኃኒቶች ብዙዎቹ የቤታሜታዞንና የክሎቤታሶል ክሬሞች ሳይበላሹ የሚቆዩት በእሱ ነው፤ መጠኑም ከመቶ 0.1 አካባቢ ነው።

ያስጨነቀን በየውበት መሸጫው፣ አንዳንዴም በየመድኃኒት መደብሩ፣ እነዚህ ክሬሞች ከቱቦ እየወጡ በውኃ፣ በግሊሰሪን ወይም በሎሽን እየተበረዙ ምልክት በሌለው ብልቃጥ መሸጣቸው ነው። የስቴሮይዱን ጉዳት ብዙ ሰው ተናግሮበታል፤ ቆዳ ይሳሳል፣ ደም ሥር ይታያል። ስለ ማቆያው ግን የሚያነሳ የለም። ሒሳቡን እንይ። 15 ግራም ቱቦ ውስጥ 15 ሚሊ ግራም ክሎሮክሬዞል አለ። 45 ግራም ውኃ ወይም ማቆያ የሌለው ሎሽን ሲጨመርበት 60 ግራም ክሬም ይሆናል፤ ማቆያው ግን ያው 15 ሚሊ ግራም ነው። ከመቶ 0.1 የነበረው 0.025 ሆነ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን በወረቀት ላይ ነው። ክሎሮክሬዞል የሚፈለገው ውኃው ውስጥ ያለውን ጀርም እንዲገታ ሲሆን፣ እሱ ራሱ ከውኃ ይልቅ ዘይት ይወዳል። አብዛኛው ወደ ቅባቱ ይገባል፣ የተወሰነውን እንደ ሴቶማክሮጎል ያለ ዘይትና ውኃን አዋሃጅ ይይዘዋል፣ ከጎማ ክዳን ጋር ከዋለ ደግሞ ጎማው ይመጥጠዋል። ሳሙና ወይም ቤኪንግ ሶዳ ነክቶት ክሬሙ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ከሆነ የማቆያው ኃይል ይወድቃል፤ የአሲድና የአልካሊ መለኪያ ከሆነው ፒኤች 8.5 በላይ ብዙ አይጠበቅበትም። ስለዚህ ከመነሻው ትርፍ የለውም። በሦስት እጥፍ ውኃ የቀጠነ ክሬም ሱዶሞናስ ለሚባለው እርጥበት ወዳድ ባክቴሪያ ማደሪያ ነው፤ የሚቀባው ደግሞ በተላጠና በቆሰለ ቆዳ ላይ ነው።

መበረዝ ሁሉ ይከልከል አላልንም። ሐኪም ለሕፃን ስቴሮይዱ እንዲቀጥን ሊያዝ ይችላል። ያን ጊዜ ማቅጠኛው ራሱ 0.1 ከመቶ ማቆያ ያለውና ከመጀመሪያው ክሬም ጋር የሚስማማ መሆን አለበት። የታወቀው ቀመር 300 ግራም ሴቶማክሮጎል ኢመልሲፋይንግ ኦይንትመንት የሚባል ቅባት፣ 1 ግራም ክሎሮክሬዞል፣ 699 ግራም የተጣራ ውኃ ነው። እንዲህ የቀጠነ ክሬም በ14 ቀን ካላለቀ ይጣላል።

ሥራው የሚበላሸው ሚዛን ላይ ነው። ለ100 ግራም ክሬም የሚያስፈልገው ክሎሮክሬዞል 100 ሚሊ ግራም ነው፤ አንድ ግራም ብቻ የሚያነብ ሚዛን ይህን ጨርሶ አያየውም። በማንኪያ ጫፍ የሚገምቱም አሉ፤ ሲበዛ ያቃጥላል፣ ሲያንስ ይሻግታል። መላው ቀላል ነው። 1 ግራም በጥሩ ሚዛን መዝኖ በሞቀ ውኃ ማሟሟት፣ ከዚያ ውኃ እየጨመሩ 500 ሚሊ ሊትር ማድረስ። ይህ ከመቶ 0.2 ነው፤ በቀዝቃዛ ውኃ እስከ 0.38 ገደማ ስለሚሟሟ ተመልሶ አይረጋም። ከዚህ 50 ሚሊ ሊትር ሲወሰድ 100 ሚሊ ግራም በትክክል ይገኛል። እሱን ከ20 ግራም ውኃ ጋር 60 ዲግሪ ማሞቅ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ከቀለጠ 30 ግራም ቅባት ጋር ማዋሃድ፣ እስኪበርድ ቀስ ብሎ ማማሰል። ውኃው ቀዝቃዛ ከሆነ ቅባቱ ውስጥ ያለው ሰም ይጓጉላል። ክዳን ሳይኖረው ከፈላ ደግሞ ክሎሮክሬዞሉ ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል።

ተቆጣጣሪዎችዎ ብልቃጥ ሲከፍቱ መጀመሪያ የክዳኑን ውስጥ ይዩ። ክሬሙ ትኩስ እያለ ከተከደነ እንፋሎቱ እዚያ ጠብታ ይሆናል፤ ጠብታው ተመልሶ ክሬሙ ላይ ይወድቃል። ያቺ ቦታ ማቆያ የሌላት ንጹሕ ውኃ ናትና ሻጋታው የሚጀምረው ከእሷ ነው። ከላይ ውኃ ያቆረ፣ የኮመጠጠ ወይም አረንጓዴ ነጥብ ያለው ክሬም ምርመራ እንኳን አያስፈልገውም።

በነገራችን ላይ፣ በ0.2 ከመቶ ክሎሮክሬዞል በ98–100 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ አሙቆ በመርፌ የሚሰጥ መድኃኒትን ከጀርም ማጽዳት የሚል የድሮ መመሪያ አለ። ዘዴው ከፋርማኮፒያ፣ ማለትም ከመድኃኒት ደረጃ መጽሐፍ፣ ወጥቷል። ባይወጣም ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ 98 አይደርስም። አፍልቼ አጽድቻለሁ የሚልዎትን አውቶክሌቭህን (በእንፋሎት ግፊት ጀርም የሚገድለውን ዕቃ) አሳየኝ ይበሉት።

ሌላው በብልቃጡ ላይ የሚጻፈው መግለጫ ነው። ክሎሮክሬዞል ቆዳቸው የማይቀበለው ሰዎች አሉ። ሽፍታው በክሬሙ ሲብስ ስቴሮይዱ አልሠራም ተብሎ የበለጠ ኃይለኛ ይታዘዛል፤ ብዙ ጊዜ ያው ማቆያ ያለበት ክሬም። ውኃ የሌለበት ኦይንትመንት እንዲህ ያለ ማቆያ ስለማያስፈልገው መፍትሔው ቅርብ ነበር፤ ግን ብልቃጡ ላይ የተጻፈ ስለሌለ ሐኪሙ በምን ያውቃል? አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መድኃኒትንም መዋቢያንም አብሮ ስለሚመለከት ሻጩ መዋቢያ ነው ብሎ የሚያመልጥበት በር የለም። የምንጠይቅዎት፣ በከተማችን ተቀምሞ የሚሸጥ ክሬም ሁሉ የማቆያው ስምና መጠን፣ የተሠራበትና የሚጣልበት ቀን እንዲጻፍበት፣ ሚሊ ግራም የሚያነብ ሚዛንና የቅመማ መዝገብ የሌለው ቤትም እንዳይቀምም ነው። ለቆዳና ለቀለም የሚመጣው ክሎሮክሬዞል ስሙ አንድ ቢሆንም ንጽሕናው ለመድኃኒት አይሆንም፤ ግዢው በደረሰኝና በንጽሕና ማረጋገጫ ወረቀት ይታይ።

የተረፈው ክሎሮክሬዞል የት ይጣላል የሚለውም መልስ ይፈልጋል። ፍሬው ቆዳ ያቃጥላል፣ ዓይን ይጎዳል፣ ለዓሣ መርዝ ነው። ቦይ ውስጥ የሚደፋው ወደ ቀሃና አንገረብ፣ ከዚያ ወደ መገጭ፣ ከመገጭም ጣና ይገባል። የከተማው የመድኃኒት ቤቶች የተረፈውንና ጊዜው ያለፈውን የሚያስረክቡበት አንድ ቦታና ቋሚ ቀን ይወሰንልን፤ እስከዚያው በየቤታችን በታሸገ የመስታወት ዕቃ እያኖርነው ነው። ቀመሩንና አለካኩን ለተቆጣጣሪዎችዎ ለማሳየት በማንኛውም የሥራ ቀን ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
በጎንደር መድኃኒት የምንቀምም ፋርማሲስቶች