መርፌ በፍሬ መሸጥ ለምን አቆምን? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን
ሐዋሳ

ከጥር ወር መጀመሪያ አንሥቶ የስፌት መኪና መርፌ በፍሬ አንሸጥም። የቤት መኪና መርፌ ባለ 5፣ የኢንዱስትሪ መኪና መርፌ ባለ 10 ፓኬት ብቻ ነው የምንሰጠው። ይህን በር ላይ በለጠፍናት አንዲት ወረቀት ብቻ ማሳወቃችን ጥፋት ነበር። በተለይ ለጥምቀት ሥራ ተቀብላችሁ፣ መርፌ በመሃል ተሰብሮባችሁ መጥታችሁ፣ ባዶ እጃችሁን የተመለሳችሁትን ይቅርታ እንጠይቃለን።

ውሳኔውን ግን አንመልሰውም። «ሱቁ ሲያድግ ትንሹን ሰው ናቀ» የተባለው ጆሯችን ደርሷል፤ ከብዶናልም። ሱቁ አላደገም። መደርደሪያው ያው ነው፣ ደጁም ያው ነው። በክርና በቁልፍ ስንጀምር ያቆሙን አንድ መርፌና አንድ ጥቅል ክር ሊገዙ የሚመጡ ሰፊዎች ናቸው፤ ይህን የምንረሳ አይደለንም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እናስረዳ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡን።

ቅሬታው የበዛው ኮምፈርት፣ የአልጋ ልብስና የሕፃን መጠቅለያ ከምትሰፉት ነው። ከሁሉም በላይ የምንሟገተውም ለእናንተው ነው። የእናንተ ሥራ ሦስት ድርብ ነው፦ ከላይ ፊቱ፣ መሃል ፋይበር ወይም ጥጥ፣ ከሥር አቡጀዲ። ፊቱ ከቁርጥራጭ የተቀጣጠለ ከሆነ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ድርቡ ስድስትና ሰባት ይደርሳል። ሸሚዝ ላይ ምንም ያልሆነ መርፌ እዚያ ሲደርስ ይጎብጥና ከሥር ያለውን ብረት ይመታል። ከዚያ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ጫፉ ተቆልምሞ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው ይብሳል፣ ቶሎ አይታወቅምና። የተቆለመመ ጫፍ የጨርቁን ክር ይመዛል፣ ስፌት ያዘልላል፣ ከታች ክሩን የሚይዘውን መንጠቆም ይቧጭራል። መንጠቆው አንዴ ከተቧጨረ አዲስ መርፌ ብታስገቡም ክር መበጠሱ አይቆምም። አንድ መንጠቆ ለመቀየር የሚከፈለው ስንት ፓኬት መርፌ እንደሚገዛ ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ይህ በፍሬ ከመሸጥ ጋር ምን አገናኘው? ከፓኬቱ የወጣ መርፌ ማንነቱ የሚታወቀው አንገቱ ላይ፣ ማለትም መኪናው በሚይዘው ወፍራም ክፍል ላይ፣ በተቀረጸች ከሰሊጥ ባነሰች ቁጥር ነው፤ እሷም ካለች። ቁጥሯ ውፍረቱን ትናገር ይሆናል፤ የጫፉን ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ አትናገርም። በክፍቱ ሳጥን ውስጥ የሹሉና የድቡልቡሉ፣ የቤቱና የፋብሪካው መርፌ ተደባልቆ ስንሰጣችሁ የነበረው በግምት ነው። ለነጠላ ጨርቅ ግምት ያልፋል፤ ለድርብ አያልፍም።

እኛ ጋ ለሚመጡት መኪኖች የሚሆኑት መርፌዎች በዋናነት ሦስት ናቸው። በእግር የሚረገጠው ሲንጀርና ቢራቢሮ፣ እንዲሁም የቤት ኤሌክትሪክ መኪና፣ አንገቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ የሆነውን ይወስዳል። ፓኬቱ ላይ 130/705 ኤች ወይም ኤችኤ×1 ይላል። ቀጥ የሚሰፋው የኢንዱስትሪ መኪና ዲቢ×1 ይወስዳል፤ የዚህ መርፌ አንገት ድቡልቡል፣ ውፍረቱም 1.62 ሚሊ ሜትር ነው። ለከባድ ሥራ የተሠሩት ደግሞ ዲፒ×5 ይወስዳሉ፤ የዚህ አንገት 2 ሚሊ ሜትር ነው። ስሕተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ዲቢ×1 በዲፒ×5 መኪና ውስጥ ይገባል፤ ነገር ግን ልል ስለሆነ ብሎኑ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል፣ መርፌውም መንጠቆውን ይስታል። የቤቱ መርፌም እዚያው መኪና ውስጥ ይገባል፤ እርሱ ደግሞ ከአንገቱ አናት እስከ ዓይኑ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚረዝም መንጠቆው ላይ ይወርዳል። «መርፌያችሁ ተሰባሪ ነው» እየተባለ ከተመለሰልን ውስጥ ስንቱ እንዲህ ያለ እንደነበር እኛ እናውቃለን። ያኔ ዝም ብለን ቀይረን እንሰጥ ነበር።

ውፍረቱ በሁለት ቁጥር ይጻፋል፤ ለምሳሌ 90/14። 90 ማለት 0.90 ሚሊ ሜትር ነው፤ 14 የዚያው ውፍረት በሌላ አቆጣጠር ነው። ቁርጥራጭ ስታጋጥሙ፣ ገና ነጠላ ጨርቅ ሳለ፣ 75/11 ወይም 80/12 ይበቃል። ሦስቱን ደርባችሁ ስትሰፉ 90/14፣ ጠርዙን ስትጠቀልሉ ወይም ፊቱ ጂንስና ካኪ ሲሆን 100/16 ያዙ። ያለ ምክንያት አታወፍሩ። በወፍራም መርፌ የተሰፋ ኮምፈርት ፊቱ ላይ ቀዳዳው ይታያል፤ ፋይበሩም በቀዳዳው እየወጣ ጺም ያበቅላል። ደንበኛችሁ ከአንድ እጥበት በኋላ ይዞባችሁ ይመጣል።

ቀጥሎ ጫፉ። ድርብ ለመስፋት ተብሎ የሚሠራ መርፌ አለ፤ ጫፉ ቀስ እያለ የሚቀጥን ስለሆነ መጋጠሚያውን ሳይገፋ ያልፈዋል። ሽሜትዝ የተባለው ፋብሪካ በሚሠራው የቤት መርፌ ላይ ሁለት የቀለም መስመር ካያችሁ የላይኛው ዓይነቱን፣ የታችኛው ውፍረቱን ይናገራል። ከላይ አረንጓዴ ከሆነ የድርብ ነው፤ ሰማያዊ ከሆነ የጂንስ ነው። የሌላ ፋብሪካ ቀለም ግን ሌላ ትርጉም ሊኖረው ይችላል፣ በዚህ አትመኩ። የድርቡ መርፌ ከሌለ የጂንሱ 90/14 ያሠራል። ለቲሸርት የሚሆነውን ድቡልቡል ጫፍ ግን ለጥጥ ጨርቅ አትጠቀሙ። ክሮቹን እየገፋ መካከላቸው ስለሚገባ መስመሩ ይወላገዳል፤ ስታፈርሱ የምትውሉት እጃችሁ ተንቀጥቅጦ ሳይሆን በመርፌው ነው።

ክሩና መርፌው መስማማታቸውን ለማወቅ አንድ ክንድ የሚሆን ክር ቆርጣችሁ በመርፌው ዓይን አስገቡ። ክሩን ወጥራችሁ አዘንብሉት። መርፌው በራሱ ክብደት ከተንሸራተተ ይስማማሉ። ከቆመ ዓይኑ ጠቧል፤ አንድ ቁጥር ከፍ በሉ። ክር እየተላጠ ሲበጠስ ብዙዎቻችሁ የምትነኩት የክር ማጥበቂያውን ነው። መጀመሪያ ይህን ሞክሩ።

ስትገጥሙ እስከ መጨረሻው ወደ ላይ ግፉት፣ ከዚያ ብሎኑን አጥብቁ። መርፌው ላይ ያለው ረጅሙ ቦይ ክሩ ወደሚገባበት ጎን፣ የተቦረቦረው ጀርባ ወደ መንጠቆው ይዙር። በዲቢ×1 መኪና ቦዩ ወደ ግራ ነው። ስትሰፉ ጨርቁን ከኋላ አትጎትቱ፤ መርፌ የሚያጎብጠው አብዛኛውን ጊዜ ያ እጅ ነው። ፋይበር በፍጥነት ሲሰፋ መርፌው ይግልና ሙጫ መሰል ነገር ይይዛል፤ ፍጥነት ቀንሱ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጉት፣ አድርቁት።

መርፌ ስንት ይቆያል ለምትሉ፣ 8 ሰዓት ያህል ከተሰፋበት በኋላ መቀየር ነው። ጨርቁ ላይ ጠክ ጠክ ማለት ከጀመረ ሰዓቱንም አትጠብቁ። ስለዚህ ባለ 5 ፓኬት ኮምፈርት ለሚሰፋ ሰው ትርፍ አይደለም፤ ያልቃል። በክረምት ግን የሐይቁ እርጥበት ስላለ የተከፈተውን ከነፓኬቱ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡ። የዛገ መርፌ ክር ይበላል።

ስለ ዋጋው እንዳንዋሻችሁ፣ ጨምሯል። የምንሸጠው መርፌ ሁሉ ከውጭ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው አሠራር ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የአዲስ አበባ አከፋፋዮችም ዋጋቸውን አስተካከሉ። ስም የሌለውን ርካሽ መርፌ አምጥተን በፍሬ ብንሸጥ ትርፉ ለእኛ ይሻል ነበር። አላደረግነውም። ይህን ብቻ እወቁልን።

አንድ ፓኬት ለከበዳችሁ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ ኑና እዚሁ ተካፈሉ። ዓይነቱንና ቁጥሩን ጽፈን ለየብቻ በትንንሽ ወረቀት እንጠቀልልላችኋለን። ከሌላ ቦታ ብትገዙም አሮጌውን መርፌ ይዛችሁ እኛ ጋ እለፉ፤ ለክተን እንነግራችኋለን፣ አናስከፍልም። ቅር ብሏችሁ የቀራችሁ ካላችሁም ተመለሱ፤ ስታልፉ እያየናችሁ ነው።

ከአክብሮት ጋር
የሱቁ ባለቤትና ሠራተኞች

ማስታወሻ፦ መርፌ ኮምፈርት ላይ ከተሰበረ ቁርጥራጮቹን አገጣጥሙና ሙሉ መሆኑን እዩ። ጫፉ ከጎደለ መኪናውን አታስነሡ፤ መጀመሪያ የታችኛውን ክዳን ከፍታችሁ መንጠቆው አካባቢ ፈልጉ። ከዚያ የስፒከር ማግኔት በጨርቁ ላይ በሁለቱም ገጽ ቀስ እያላችሁ አሳልፉ። የሕፃን መጠቅለያ ከሆነና ጫፉ ካልተገኘ ያንን ጥግ ፈትታችሁ ፋይበሩን ቀይሩ። ማግኔት ለሌላችሁ ባንኮኒው ላይ አንድ አለ፤ እየወሰዳችሁ መልሱልን።