ሲሚንቶ የደማስቆን ጥንታዊ ቤቶች ይጎዳል

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ደማስቆ ጥንታዊ ቤቶች ያወጣችሁት ጽሑፍ የግቢውን ፏፏቴና የኢዋኑን፣ ማለትም በግቢው በኩል ክፍት የሆነውን አዳራሽ፣ ውበት ጥሩ አድርጎ አሳይቷል። የተሰነጠቀ ግድግዳ በሲሚንቶ ይለሰን የሚለው ምክር ግን መታረም አለበት።

የእነዚህ ቤቶች የታችኛው ክፍል ድንጋይ ነው። ፎቁ ግን በፖፕላር እንጨት ተዋቅሮ በጭቃ ጡብ የተሞላ ነው። እንጨቱ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ የጭቃ ልስን ይህን ይችለዋል። ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብም መውጫ አጥቶ እንጨቱን ያበሰብሰዋል። ከውጭ ደህና የሚመስለው ግድግዳ ሲከፈት የወራጁ ጫፍ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል።

ሲሚንቶው በመሮ ቀስ እየተባለ ይነሳ። የበሰበሰው ጫፍ ብቻ ተቆርጦ በደንብ በደረቀ ፖፕላር ይቀጠል፤ እርጥብ እንጨት በኋላ ተጣሞ ልስኑን ይገፋል። ለአዲሱ የጭቃ ልስን አፈሩና ጭዱ ተቦክቶ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይብላላ። ልስኑ በሁለት ዙር ይመታ፤ የመጀመሪያው ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ይላቀቃል። ማጠናቀቂያው ሄምፕ ከተባለ ተክል የተገኘ ቃጫ የገባበት ኖራ ነው፤ ቃጫው ኖራው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል።

ይህ ሁሉ ግን ጣሪያውና አሸንዳው ከተጠገኑ በኋላ ይሁን። ውሃው ከላይ እየወረደ ግድግዳ መለሰን ገንዘብ ማባከን ነው።

በጥንታዊ ቤቶች ጥገና የተሰማሩ አንባቢዎቻችሁ