ስለ 11ኛ ክፍል የቃል አቀራረብና በዚያ ቀን ስለሚቀሩ ተማሪዎች

ለ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ወላጆችና አሳዳጊዎች በሙሉ
ደብረ ብርሃን

የከበረ ሰላምታችን ይድረሳችሁ። የጠዋቱ ውርጭ ስለበረታ ልጆች ከዩኒፎርሙ ላይ ሹራብ ወይም ጋቢ ደርበው መምጣት ይችላሉ። የተዋሱትን መጽሐፍ ከገና በፊት ይመልሱ።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን ተውኔት ኦቴሎን እያነበብን ነው፤ የጦር አዛዡ ኦቴሎ በኢያጎ ተንኮል ሚስቱን ዴስዴሞናን ጠርጥሮ የሚገድልበት ታሪክ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ገጸ ባሕርይ ይዞ 3 ደቂቃ በክፍሉ ፊት ያስረዳል። ተራው በደረሰ ቀን የሚቀረው ተማሪ በዝቷል፤ በማግስቱ «አሞት ነበር» የሚል የወላጅ ወረቀት ይዞ ይመጣል። የታመመ ልጅ ይታከም፣ በዚህ አንከራከርም። በአቀራረብ ቀን ብቻ የሚነሳ ራስ ምታት ግን ፍርሃት ነው፤ ፍርሃት ደግሞ ቤት ሲውሉበት ይብሳል። ልጁ «ከቀረሁ እተርፋለሁ» የሚለውን ይማራል፣ ቀጣዩም ተራ ይበልጥ ያስፈራዋል።

«ጨዋ ልጅ በሰው ፊት አይለፈልፍም» የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ጨዋነቱን እኛም እንወደዋለን። ነገር ግን ኤሚሊያን ተመልከቱ። የእመቤቷን የዴስዴሞናን መሐረብ ከወደቀበት አንስታ ለባሏ ለኢያጎ ሰጠች፤ ኢያጎም የክህደት ማስረጃ አደረገው፤ ዴስዴሞና መሐረቡ ጠፍቶባት ስትጨነቅ አላውቅም አለቻት። እውነቱን የተናገረችው ዴስዴሞና ከተገደለች በኋላ ነው። ኤሚሊያ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በሰዓቱ ያልተናገረች ሴት ናት።

ኦቴሎም በቬኒስ ሸንጎ ፊት ተከሶ ሲቆም አይንተባተብም። በጦር ሜዳ ራሱን አስመስክሯልና በዚያ በኩል አይጠራጠርም። መወደዱን ግን ይጠራጠራል፦ የቆዳውን ቀለም፣ ዕድሜውን፣ የንግግር ለዛ ማጣቱን ያነሳል። ኢያጎ የገባው በዚህች ስንጥቅ ነው። ስለዚህ «ኦቴሎ ቀናተኛ ነው» ብሎ ለሚቀመጥ ተማሪ መምህራኑ ሙሉ ነጥብ አይሰጡም፤ ቅናቱ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ።

«ልጄ ለምን የከሐዲው ድርሻ ደረሳት?» ላላችሁን ደግሞ፦ ኢያጎ ከሁሉም ይልቅ ልበ ሙሉ ይመስላል፤ ልበ ሙሉነትና ደግነት አንድ አለመሆናቸውን ተማሪ የሚያየው በእሱ ነው። በቀጥታ አይከስም። የኦቴሎን ቃል መልሶ እየጠየቀ፣ ነገር ጀምሮ እያቆመ፣ ጥርጣሬውን ኦቴሎ ራሱ እንዲጨርሰው ይተወዋል። ይህን አሠራር ለክፍሉ ፈትታ ያስረዳች ልጅ ነገ ሲያታልሏት ቶሎ ትነቃለች።

«የፈራ ልጅ ለምን ይገደዳል?» ለሚለው፣ ማንም በአንድ ጊዜ ክፍል ፊት አይገፋም። መጀመሪያ ወረቀት ይዞ አጠገቡ ለተቀመጠው ልጅ ያስረዳል፣ ቀጥሎ ለ5 ልጆች ቡድን፣ ከዚያ ለክፍሉ። ከ20 ነጥብ 10ሩ ገጸ ባሕርይውን ለመረዳት፣ 5ቱ ለሚሰማ ድምፅ፣ 5ቱ ለጥያቄ መልስ ነው። ለድፍረት የተመደበ ነጥብ የለም፤ ድምፅ ቢንቀጠቀጥም አይቀነስም።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ሽምደዳ ነው። ሁሉን በቃል የያዘ ልጅ አንዲት ቃል ስትጠፋው ሙሉው ይጠፋዋል፤ ጣቶቹ የደብተሩን ጠርዝ ይጠቀልላሉ፣ ዓይኑ መስኮቱ ላይ ይቀራል። 4 ቁልፍ ቃላት በትንሽ ወረቀት ይጻፍ። ሲጠፋው ወረቀቱን አይቶ፣ ትንፋሽ ወስዶ ይቀጥል።

ከእናንተ የምንለምነው ከእራት በኋላ 3 ደቂቃ ነው። አዝመራ ላይ መሆናችሁን፣ ሱቅ አምሽታችሁ መግባታችሁን እናውቃለን፤ 3 ደቂቃ ግን አይታጣም። ሲናገር አታቋርጡት፣ አነጋገሩን አታርሙ፤ ሲጨርስ አንድ ጥያቄ ጠይቁት። በእንግዳ ፊትም «እሷ ዓይን አፋር ናት» አትበሉብን፤ ልጅቷ ያንን ስም ይዛ ክፍል ትገባለች።

ተራቸው ያለፋቸው ከሰኞ ጀምሮ ይቀርባሉ። በክፍሉ ፊት መቆም ፈጽሞ የከበደው ካለ ቀድማችሁ ንገሩን፤ መጀመሪያ በመምህሩና በ4 ጓደኞቹ ፊት እናስጀምረዋለን። ሁለተኛ ለሚቀር ተማሪ የሕክምና ማስረጃ እንጂ የወላጅ ወረቀት አንቀበልም።

ከአክብሮት ጋር
የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር